አጭር ስፒከር ከሰብዉፈር ጋር ወይስ ረጅም ቋሚ ስፒከር?

ለሳሎን ደህና ስፒከር ልግዛ ያለ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው መደርደሪያ ወይም ማቆሚያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት አነስተኛ ስፒከሮች ገዝቶ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሰብዉፈር መጨመር ነው። ሁለተኛው ከወለል ተነስተው ወገብ ወይም ደረት ድረስ የሚደርሱ ሁለት ቋሚ ስፒከሮች ገዝቶ በዚያው መገላገል ነው። ሻጩ «ቋሚው ፉል ሬንጅ ነው፣ ምንም አይጎድለውም» ይላል። ጓደኛ ደግሞ «ያለ ዉፈር ምን ቤዝ አለ!» ይላል። ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በዕቃው ላይ ነው። እኔ ግን ከዕቃው በላይ የሚወስነው ዕቃው የሚገባበት ክፍል ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማየት ከድምፁ እንነሳ።

ቤዝ የምንለው የቱን ነው?

ድምፅ የአየር መርገብገብ ነው። አየሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግረን መለኪያ ኸርዝ ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ይሰማል። የወንድ የንግግር ድምፅ መነሻው ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ነው። የባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ላይ ይመታል። የፒያኖ የመጨረሻው ወፍራም ቁልፍ ደግሞ 27.5 ኸርዝ ላይ ነው።

ሁለቱ ምርጫዎች በዋናነት የሚለያዩት ከ80 ኸርዝ በታች ባለው ድምፅ ነው። ማሲንቆ፣ ዋሽንትና የሰው ድምፅ የምታዘወትሩ ከሆነ እዚያ ታች ብዙ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ቤዝ ጊታርና ድራም ያለበት ዘፈን፣ ሬጌ፣ ኪቦርዱ ቤዙን የሚገፋበት የሠርግ ጭፈራ ወይም ፊልም ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል።

«በስልኬ ሳዳምጥም እኮ ቤዝ ጊታሩ ይሰማኛል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። አንድ የ41 ኸርዝ ኖታ ብቻውን አይመጣም፤ 82ን፣ 123ን፣ 164ን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ስልኩ 41ን ጨርሶ አያወጣም። አእምሯችን ግን ከተከታዮቹ ተነስቶ የጎደለውን መነሻ ይሞላዋል። ስለዚህ ዜማውን እንከተላለን። የሚቀረን ክብደቱ ነው፣ ያ ደረት ላይ የሚያርፈው ነገር።

ይህ ክብደት ትንሽ ነገር አይደለም። ሾን ኦሊቭ የተባለው የድምፅ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ ስፒከሮችን በአድማጮች አስመዝኖ ባወጣው ስሌት፣ ሰዎች ለአንድ ስፒከር ከሚሰጡት ግምት ወደ 30 በመቶ የሚሆነው ቤዙ ምን ያህል ታች እንደሚወርድ በማየት የሚወሰን ሆኖ ተገኝቷል።

ትንሽ ስፒከር ለምን ቤዝ ያንሰዋል?

ቤዝ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል። በስፒከሩ ፊት ላይ የምናየው፣ ኮን የሚባለው ሾጣጣ ሽፋን፣ እኩል ጉልበት ያለው ድምፅ በ80 ፈንታ በ40 ኸርዝ ለማውጣት የፊትና የኋላ ርቀቱን አራት እጥፍ መጨመር አለበት። እስከ 20 ኸርዝ ካወረድነው 16 እጥፍ ይሆናል። የትንሽ ስፒከር ኮን እዚያ ሳይደርስ አቅሙ ያልቃል። ድምፁ ይበላሻል፣ ወይም ኮኑ የመንቀሳቀሻው ገደብ ላይ ደርሶ ይጋጫል። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሰብዉፈር ኮን በስፋቱ ከ13 ሳንቲ ሜትሩ ከአምስት እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ብዙ አየር ይገፋል።

ሳጥኑም ሕግ አለው። ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ የነበረው አንቶን ሆፍማን ነገሩን በአጭሩ አስቀምጦታል። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ የአምፕሊፋየር ጉልበት ብዙ ድምፅ፦ ከእነዚህ ሦስቱ ሁለቱን ነው የምታገኙት፤ ሦስተኛውን ትለቃላችሁ። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሆፍማን የብረት ሕግ ይሉታል።

ይህን ሕግ ከያዝን ሁለቱም ምርጫዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቋሚው ስፒከር የተወው ትንሽ ሳጥንን ነው። ሳጥኑ ትልቅ ስለሆነ ቤዙም ይወርዳል፣ አምፑም ብዙ አይለፋም። አጭሩ ስፒከር የተወው ጥልቅ ቤዝን ነው። ሰብዉፈር ደግሞ የተወው ቁጠባን ነው። ሳጥኑ ሳይተልቅ ቤዙ ይወርዳል፣ በምትኩ ግን ብዙ ዋት ይበላል። አብዛኞቹ ሰብዉፈሮች የራሳቸው አምፕሊፋየር ሆዳቸው ውስጥ ተገጥሞ፣ ለብቻቸው ሶኬት ላይ የሚሰኩትም ለዚህ ነው።

«ፉል ሬንጅ» ሲባል እስከ ስንት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፉል ሬንጅ የሚለው ቃል እስከ 20 ኸርዝ ይወርዳል የሚል ዋስትና አይደለም። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ አብዛኞቹ ቋሚ ስፒከሮች ከ40 ኸርዝ አካባቢ ጀምረው መድከም ይጀምራሉ። ያ ለቤዝ ጊታር ይበቃል። ለፊልም ፍንዳታና ለአንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን አይበቃም።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስታዩ አጠገቡ ያለውን ምልክትም (±3 dB ወይም -6 dB የሚለውን) እዩ። ኬኢኤፍ የሚሠራት ኤልኤስ50 ሜታ የተባለች በጣም የተወደሰች ትንሽ ስፒከር ጥሩ ማሳያ ናት። ፋብሪካው ራሱ ሁለት ቁጥር ይሰጣታል። ድምፁ ከ3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ፣ በምልክት dB) በላይ ወደላይም ወደታችም ሳይዛነፍ የሚዘልቀው እስከ 79 ኸርዝ ነው። 6 ዴሲቤል ከደከመ በኋላ ያለውን ከቆጠርን ግን 47 ኸርዝ ይሆናል። አንዷ ስፒከር ናት፤ በአንዱ ቁጥር ቤዝ የሌላት፣ በሌላው ቤዝ ያላት ትመስላለች። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መለኪያ መጻፋቸውን አረጋግጡ። ምልክት ያልተጻፈበትን ቁጥር አትመኑት።

ሳሎኑ ምን አገባው?

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የ10,000 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የ40 ኸርዝ ሞገድ ግን ስምንት ሜትር ተኩል ነው፤ ከብዙ ሰው ሳሎን ይረዝማል። ቀጭኑ ድምፅ በክፍሉ ውስጥ እንደ ልቡ ይሄዳል። ቤዙ ግን ክፍሉን ሞልቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል።

ውሃ የተሞላ ሳፋ ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ውሃው ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሃሉ ላይ ግን ከፍታው እምብዛም አይለወጥም። ቤዝም ሳሎን ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል አራት ሜትር ካለ፣ ይህ ውዝዋዜ የሚነሳው 43 ኸርዝ አካባቢ ነው። አምስት ሜትር ከሆነ 34፣ ሦስት ሜትር ከሆነ 57 ኸርዝ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 343ን ለርቀቱ እጥፍ ማካፈል።

ይህን በጆሮ ማረጋገጥ ይቻላል። እስከዚያ የሚወርድ ስፒከር ካላችሁ አንድ ወጥ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የቶን ማጫወቻ አፕ በስልክ አውርዱና በስፒከሩ በኩል 43 ኸርዝን (ወይም ለቤታችሁ ርቀት የወጣውን ቁጥር) በዝቅተኛ ቮሊየም ልቀቁ። ከዚያ ርቀቱን ከለካችሁበት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ግድግዳው ሥር ጆሮ ላይ የሚጫን ድምፅ ትሰማላችሁ። ወደ መሃል ስትጠጉ ይመነምናል፤ መሃሉ ላይ የሚጠፋበት ቦታ አለ። ሁለት እርምጃ ስታልፉ ተመልሶ ይመጣል። ስፒከሩ ያው ነው፣ ቮሊየሙም አልተነካም።

ሶፋችሁ ያ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ከሆነ ውዱ ስፒከርም አያድናችሁም። «በኢኩዋላይዘር (የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት በሚያስተካክለው) ቤዙን ከፍ አደርገዋለሁ» ማለትም አያዋጣም። በጨመራችሁ ቁጥር የሚላተመው ሞገድም እኩል ይጨምራል፣ ትርፉ አምፑን ማድከም ነው። በአንጻሩ ቤዙ የሚከመርበት ቦታ ላይ ከተቀመጣችሁ አንዷ ኖታ ብቻ እየገነነች ዘፈኑን ትውጠዋለች። «ሰብዉፈር ዘገምተኛ ነው፣ ከሙዚቃው ኋላ ይጎተታል» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የሚመጣ ነው። የሚጎተተው ኮኑ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የታሰረው ሞገድ ነው ቶሎ አልሞት የሚለው።

የግድግዳው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካ ያለው ቤት ብዙ ጊዜ በእንጨት ማገር ላይ በተመታ ጂፕሰም ቦርድ የተሠራ ነው። ቦርዱ ስለሚርገበገብ የቤዙን የተወሰነ ክፍል ይውጠዋል፣ ቀሪውንም ወደ ውጭ ያሾልከዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በብሎኬትና በኮንክሪት የተሠራ፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ ሳሎን ግን ቤዙን መልሶ ይተፋዋል። ቨርጂኒያ ልከኛ የነበረ ስፒከር ሲኤምሲ ቤት ውስጥ ቢያጉረመርም አትደነቁ።

ታዲያ ይህ ከምርጫው ጋር ምን ያገናኘዋል?

ስፒከር የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው የዘፋኙ ድምፅ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ሦስት ማዕዘን ሠርተው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ጆሮ ከፍታ ላይ ሲሆን ድምፃዊው መሃል ላይ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል። ችግሩ፣ ለድምፃዊው የተመቸ ቦታ ለቤዙም የሚመችበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ቋሚ ስፒከር ሁለቱን በአንድ ሳጥን አስሮ ይዟል። ለቤዙ ብላችሁ ብታንቀሳቅሱት ድምፃዊው ይዛባል፤ ለድምፃዊው ብላችሁ ብታቆሙት ቤዙን በዕጣ ነው የምታገኙት።

ሰብዉፈር ይህን እስር ይፈታል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሯችን ለመለየት ይቸገራል። ቲኤችኤክስ የተባለው የሲኒማና የቤት ድምፅ መስፈርት 80 ኸርዝን የስፒከሩና የሰብዉፈሩ መከፋፈያ አድርጎ የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰብዉፈሩ ሶፋ አጠገብም ሆነ ጥግ ላይ ቢቀመጥ፣ በትክክል እስከተከፈለ ድረስ፣ ቤዙ ከሁለቱ ስፒከሮች የወጣ ይመስላል። እናንተም ቤዙን ለክፍሉ በሚስማማው ቦታ ታኖሩታላችሁ።

ሁለት ሰብዉፈር ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ነው። የድምፅ ተመራማሪው ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት፣ ሰብዉፈሮችን ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች መሃል ለመሃል ማስቀመጥ በተለያዩ መቀመጫዎች መካከል ያለውን የቤዝ ልዩነት በጣም እንደሚያጠብ አሳይቷል። ለዚህም ነው እኔ ከአንድ ግዙፍ ሰብዉፈር ሁለት መጠነኛዎችን የምመርጠው። ለቋሚ ስፒከሮች የሚነሳው ምርጥ መከራከሪያም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። እነሱም ቤዙን ከሁለት ቦታ ነው የሚያወጡት፣ ስለዚህ በዘፈቀደ ጥግ ከተወሸቀ አንድ ሰብዉፈር የሚሻሉበት ጊዜ አለ።

ሰብዉፈር ገዝቶ የሚያማርር ለምን በዛ?

በአብዛኛው አገጣጠሙ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ትልቁ ስሕተት ቤዙን አለማካፈል ነው። ሰብዉፈሩ ከ80 በታች ያለውን ሲረከብ ትንንሾቹ ስፒከሮች ያንን ክፍል መተው አለባቸው። የሆም ቴአትር ሪሲቨር (ለፊልም የሚሆን፣ ብዙ ስፒከር የሚነዳ አምፕሊፋየር) ይህን ራሱ ይሠራል። ሴቲንጉ ውስጥ ስፒከሮቹን «ስሞል» ብላችሁ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ድምፁ ለሁለቱ የሚከፈልበትን ቁጥር፣ 80 ላይ ማድረግ ነው። «ስሞል» የሚለው ስፒከሩን የሚያሳንስ ይመስልና ብዙ ሰው «ላርጅ» ላይ ይተወዋል። ትርጉሙ ግን ቤዙን ለሰብዉፈር አስረክብ ማለት ብቻ ነው። ትንሿ ስፒከር ከዚያ ሸክም ስትገላገል ኮኗ መንገላታቱን ያቆማል፣ የዘፋኙም ድምፅ ሲጠራ በግልጽ ይሰማል።

ተራ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ግን ብዙ ጊዜ ይህ የለውም። የሰብዉፈር መውጫ ቢኖረው እንኳ ለስፒከሮቹ ሙሉውን ድምፅ ነው የሚልከው። ያኔ ሁለቱም አንድ ላይ 60 ኸርዝ እየጮሁ ይደራረባሉ። መፍትሔው የሰብዉፈሩን ክሮስኦቨር ዝቅ አድርጎ፣ ትንንሾቹ ደክመው ከሚያቆሙበት ማስቀጠል ነው። ይሠራል፣ ነገር ግን ስፒከሮቹ ከሸክማቸው አይገላገሉም። ገና አምፕ የምትገዙ ከሆናችሁ ይህ የማካፈል አቅም እንዳለው ሻጩን ጠይቁት።

ቦታውን ለማግኘት አንድ የቆየና አስተማማኝ ዘዴ አለ። ሰብዉፈሩን ተሸክማችሁ እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አስቀምጡት። ቤዙ ወጣ ገባ የሚል ዘፈን ልቀቁ። ከዚያ ሰብዉፈሩን ልታኖሩባቸው በምትችሉባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ በግድግዳው ዙሪያ፣ ጆሯችሁን ወለል አጠገብ አድርጋችሁ በዳዴ ዙሩ። የቤዙ ኖታዎች አንዱ ሳይገንን አንዱ ሳይጠፋ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ምልክት አድርጉ። ሰብዉፈሩ እዚያ ይሄዳል፣ እናንተ ወደ ሶፋው ትመለሳላችሁ። የሚሠራበት ምክንያት የድምፁ መንገድ ወዲያም ወዲህም አንድ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ሰብዉፈሩ ላይ ያለውን፣ ሞገዱን ከስፒከሮቹ ሞገድ ጋር የሚያስማማውን ፌዝ (phase) የሚል ማዞሪያ ወይም ማብሪያ አንድ ሰው እየቀያየረው እናንተ ሶፋው ላይ ሆናችሁ ስሙ። ቤዙ ሞላ ብሎ የሚሰማበት ትክክለኛው ነው። ቮሊየሙን ደግሞ ከምትፈልጉት ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ሰብዉፈሩ ሲበራ «አለሁ» ማለት የለበትም። ሲጠፋ ነው ዘፈኑ መክሳቱ መታወቅ ያለበት። የበለጠ ልሂድበት የሚል ሰው በአንዲት መለኪያ ማይክሮፎንና ሩም ኢኪው ዊዛርድ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የክፍሉን ጠባይ በሥዕል ማየት ይችላል።

ቋሚውን የሚያስመርጠው ምንድን ነው?

ሳሎናችሁ ሰፊ ከሆነ፣ ከስፒከሩ ራቅ ብላችሁ ከተቀመጣችሁና ድምፁ ሞቅ እንዲል ከፈለጋችሁ ቋሚው ጥሩ ነው። ትልቁ ሳጥንና የተደራረቡት ኮኖች በአንድ ዓይነት ጉልበት የበለጠ ድምፅ ይሰጣሉ። የ3 ዴሲቤል ብልጫ ትንሽ ይመስላል፤ ያለ እሱ ግን ያንኑ ድምፅ ለማግኘት አምፑ እጥፍ ዋት ማውጣት አለበት። እንግዳ በበዛበት ቤት ይህ ይታያል። ከ80 ኸርዝ ከፍ ብሎ ያለው፣ የከበሮና የወንድ ድምፅ ሙላት የሚገኝበት ክፍልም በቋሚው ይበልጥ ዘና ብሎ ይወጣል። ሰብዉፈር ይህን አይተካም፣ ሥራው ከዚያ በታች ነውና።

ማስተካከል የማይወድ ሰውም ቋሚውን ቢገዛ ይሻለዋል። ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ገመድ፣ አለቀ። በአግባቡ ያልተገጠመ ሰብዉፈር ከሚኖር ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። ቦታ ይቆጥባል ተብሎ አጭሩን መግዛትም ሁልጊዜ አያስኬድም። አጭር ስፒከር ጆሮ ከፍታ ላይ እንዲሆን ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ማቆሚያው ደግሞ ወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ከቋሚው ብዙ አያንስም፣ ዋጋም አለው።

ለመደበኛ ሳሎን፣ አምስት በአራት ሜትር ለሚሆን ወይም ለሚያንስ፣ ግማሽ ቀን ለማስተካከል ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ገንዘቤን ጥሩ አጭር ስፒከሮች ላይ አውዬ ሰብዉፈሩን በኋላ እጨምራለሁ። በየተራ መግዛት ይቻላላ። አጭሮቹን ዛሬ ገዝታችሁ ቤዙ በእርግጥ ጎድሏችሁ እንደሆነ ለጥቂት ወራት አዳምጣችሁ ትወስናላችሁ።

የጎረቤትስ ነገር?

ቤዝ ግድግዳ አያቆመውም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በወለሉ በኩል ታች ቤት ይደርሳል። በዚህ በኩል ሰብዉፈሩ ይመቻል። ማታ እሱን ብቻ ዝቅ አድርጎ ወይም አጥፍቶ ዘፈኑን መቀጠል ይቻላል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ማድረግ ወደ ወለሉ የሚሄደውን ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚያልፈውን ግን አይነካውም።

ከአሜሪካ ለምታመጡ

ቋሚም ሆነ አጭር፣ በአምፕ የሚነዳ ተራ ስፒከር መብራት አይሰካም፤ የትም አገር ይሠራል። ሰብዉፈር ግን ውስጡ አምፕሊፋየር አለ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100-240 ካለ ሶኬቱን ብቻ የሚቀይር አስማሚ ይበቃዋል። 115/230 ካለ አጠገቡ ትንሽ ማብሪያ ይኖራል፣ መብራት ሳይነካው ወደ 230 መዞር አለበት። 120 ብቻ ካለ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም ሰብዉፈሩ ላይ ከተጻፈው ዋት የሚበልጥ መሸከም አለበት። ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ገና ስትገዙ፣ የጀርባውን ፎቶ ላኩልኝ ማለት ይሻላል።